ቀላ አድርጊኝ

ሰኞ፣ ኅዳር 6 ቀን 2008 ዓ.ም.፤ ዳንግላ፤ ጧት

ውሸት ነው። የሰው ልጅ አሳይቼ የራሴን ልድር አልሞከርኩም። ጎረቤቴ ባንቺ ወተት ይዛ ገባች፤ ጣሳውን እንኳ ሳታስቀምጥ ሰፈሩ የሚለውን ዘረገፈችው፦ «ቲቸር ቆንጆዋን ተከራይ አቅርባ ጠይሟን የወንድሟን ልጅ ልታስወስድ ነበር።» ከባጃጅ ነጂ ሰማሁ አለች። ነጂው ከማን እንደ ሰማ አልጠየቅሁም። ከራሷ ከባንቺ ይሆናል።

አንተ ግን ደብተሬ፣ ልክ ልኩን ያዝልኝ። አንተ እንኳ አትጨምርበት።

ባለፈው ወር መጨረሻ ሁለት ሴቶች ከእንጅባራ መጡ። ለቀብር መጥተን ነበር፣ ሚኒባስ አመለጠን፣ ውሃ ጠማን አሉ። ውሃ ለምኖ ለትዳር የሰው ልጅ ማየት የቆየ ልማድ ነው፤ መጠርጠር ነበረብኝ። በዕለቱ እውነትም ቀብር ስለ ነበረ አልጠረጠርኩም። የወንድሜ ልጅ ስንዱ ሥራ ላይ ነበረች። ውሃውን ሙሉነሽ አመጣች፤ ከአዘና ገጠር መጥታ ነርስነት የምትማር፣ የጓሮ ክፍሌን የተከራየች ልጅ። ታላቂቱ ሴት ጠጥታ ብርጭቆውን ስትመልስ «ልጅዎ ናት?» አለችኝ። «አዎን፣ ልጄ ናት» አልኩ።

ሌላ ምን ልበል? ቤቴ የምታድር፣ ከመሶቤ የምትበላ ልጅ በእንግዳ ፊት «ተከራይ ናት» ትባላለች? ነውር ነው። ከዳንግላ እስከ እንጅባራ እንዲህ የሚል ሰው ካለ አሳዳጊ የበደለው ነው። ሴቶቹ ተያዩ፤ አመስግነው ሄዱ። ስሟን አልጠየቁም። መጠየቅም ደንብ አይደለም።

ከዚያ ሽማግሌ መጣ። ስንዱን በስሟ ጠየቁ፤ ይበልጣል ለሚባል፣ እንጅባራ በመንግሥት መ/ቤት ለሚሠራ ልጅ። ስንዱ እንደምታውቀው ነግራኝ ነበር። እሺ አልኩ።

ትናንት እሑድ የልጁ እናት ወ/ሮ የሻረግ ከእህቷ ጋር ልትተዋወቅ መጣች። በሩ ላይ አየኋቸው፤ እነዚያው ሴቶች። ያን ጊዜውኑ ገባኝ። ግን ስንዱ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ከጓዳ እየወጣች ነበር። ጎንበስ ብላ ጉልበት ሳመች። ወ/ሮ የሻረግ ግንባሯን ሳመቻት፤ ከዚያ በትከሻዋ ላይ አሻግራ ወደ ጓዳው በር እያየች ትጠብቃለች።

«ሙሽራዪቱስ?» አለች።


ረቡዕ፣ ኅዳር 8፤ ማታ

ስንዱ አታለቅስም። ብታለቅስ የምለው አላጣም ነበር። ጧት ሥራ ትሄዳለች፣ ማታ ትመለሳለች፣ ጫማዋን በር ላይ አስተካክላ ታስቀምጣለች። ይህን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ወንድሜ ሲሞት ገና ሕፃን ነበረች፤ ከእኔ ሌላ አሳዳጊ የላትም። አሁን ሃያ ስድስት ዓመቷ።

ሥራዋ ፎቶ ቤት ነው። ታነሣለች፣ በኮምፒዩተር ታስተካክላለች፣ ታትማለች። የሚመጣው ሰው ሁሉ የሚላት አንድ ነው፦ ቀላ አድርጊኝ። ገበሬው ለመታወቂያ፣ ሙሽራው ለአልበም፣ ቄሱ ሳይቀሩ። አንዲት እናት የሟች ልጇን ፎቶ ስታስተልቅ እሱንም ቀላ አድርጊልኝ አለቻት። ይበልጣል ለሥራ ዳንግላ መጥቶ ጉርድ ፎቶ ሲነሣ ነው የተዋወቁት። ቅንድቡ ላይ ጠባሳ አለው። ላጥፋልህ ስትለው፣ ተይው፣ እናቴ እንዳትስተኝ አላት። እንዲህ የሚል ደንበኛ አይታ አታውቅም ነበር። ከዚያ ወዲህ ጉርድ ፎቶ በየሳምንቱ ያስፈልገው ጀመር።

እሑድ ወ/ሮ የሻረግ ነገሩ ሲገለጥላት ቀለሟ ተለወጠ። ቶሎ ተነሣች። በር ላይ ዞር ብላ፣ ብቻ ጨዋ ልጅ ትመስላለች አለችኝ።

ይህን እንዴት እንደምሰማው ታውቃለህ። በእኛ አገር ለመልክ የሚሰጥ ቃል እንደ ፈተና ውጤት ደረጃ አለው። ቆንጆ የተባለች ሌላ አይጨመርላትም። ደም ግባት አላት ከተባለ አንድ ነገር ጎድሏል፤ አፍንጫ ወይም ቀለም። ቁመናዋ ጥሩ ነው ማለት ከኋላ ስትታይ ነው። ደርባባ ናት ማለት ዕድሜዋ ሄዷል። ሳቂታ ናት፣ ባለሙያ ናት እያለ ይወርዳል ይወርድና መጨረሻው ጨዋ ናት ነው። ከዚያ በታች ዝምታ ብቻ ነው ያለው።

ደግሞ ወ/ሮ የሻረግ ራሷ ከስንዱ ትጠቁራለች። ልጇም። ለወንድ ግን ጥቁረትም ጠባሳም ግርማ ነው ይባላል።

ራት ላይ ስንዱ ጠየቀችኝ። እትየ፣ እርስዎ አይዋሹም፤ ይንገሩኝ፣ እኔ ምን ነኝ? አለች። እኔም እንደ አስተማሪነት ልማዴ በሥርዓት መለስኩ። ግንባርሽ ሰፊ፣ ዓይንሽ ትልቅና ንጹሕ፣ ጥርስሽ ፍንጭት፣ አፍንጫሽ አጠር ያለ፣ አንገትሽ መልካም፣ ቀለምሽ ጠይም። ደም ግባት አለሽ። ቆንጆ ግን አይደለሽም።

ሳህኖቹን አነሣች።

ከተናገርኩት ውስጥ አንድ ስሕተት የለም። እንቅልፍ ግን አልመጣም።


ቅዳሜ፣ ኅዳር 11

ሙሉነሽ ዕቃዋን ጠቅልላለች። ፍራሹን አስራ፣ ደብተሮቿን በማዳበሪያ ከትታ። በእኔ ምክንያት ነው እማማ፣ ሌላ ቤት ልፈልግ አለች። ፍቺው አልኳት። ፈታችው።

ባንቺ አለች፤ ስንዱም አለች፤ ባቄላ እንፈለፍላለን። ባንቺ ሙሉነሽን ከእግር እስከ ራስ ታያታለች። እንደው እናትሽ ምን አብልታ ነው እንዲህ ያሳመረችሽ አለቻት። ሙሉነሽ ሳቋን መያዝ አቃታት። በእነሱ ቀበሌ አንድም ሰው ቆንጆ ብሏት አያውቅም። ከሲታዋ ነው የምትባል። እናቷ በአገውኛ፣ ገበያ ስትሄጂ ንፋስ እንዳይወስድሽ ኪስሽ ድንጋይ ጨምሪ ትላታለች። የቤቱ ቆንጆ ታላቅ እህቷ ናት፦ ባተ ወፍራም፣ ጀርባዋ ሰፊ፣ ውሃ የሞላ እንስራ ብቻዋን ብድግ የምታደርግ። ለሷ ሽማግሌ ሦስት ጊዜ መጥቷል፤ ለሙሉነሽ አንድም። እንግዲያው ትማር ብለው ነው ወደ ከተማ የላኳት።

ባንቺ ወገቧን በሁለት እጇ ይዛ ተነሣች። ወገብ ካለ። «ምነው እስከ ዛሬ ሳትነግሪኝ! እኔ እኮ አዘና ብወለድ ንግሥት ነበርኩ!» አለች። ስንዱ ሳቀች። ከእሑድ ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። ፍንጭቷ ታየ።

ባንቺ ግን መቼ ማቆም እንዳለባት አታውቅም። ሴትየዋ እኮ አሁን ሙሉነሽን ታስጠይቅ ይሆናል፤ ዓይኗ ያረፈው እሷ ላይ ነው አለች። ሳቁ ባንዴ ቆመ። ሙሉነሽ አባቷ ይህን ከሰማ ትምህርቷን እንደሚያስጥላት ተናገረች። ስንዱ የባቄላውን ገለባ ሰብስባ ወጣች።

በከተማ አለንጋ የተባለች በገጠር ከሲታ ናት። መንገዱ እኮ ቅርብ ነው።


ማክሰኞ፣ ኅዳር 14፤ ቅበላ

ይበልጣል መጣ። ሳይነግር። ሥጋ ቤቱ በተሰለፈው ሰው ተጨናንቋል፤ እሱ ብርቱካን ይዞ በር ላይ ቆሟል። አስገባሁት። ጨዋ ነው፤ ቁጭ በል እስኪባል ቆመ። ስለ ብርዱ ጠየቅሁት፤ እንጅባራ ውርጩ ድንቹን አጠቆረው አለ። ስለ እናቱ አልጠየቅሁትም።

ስንዱ ገባች። ያን ጊዜ ያየሁትን በደንብ ልጻፈው። ቀና ብሎ አያት፤ ደስ አለው፤ ፊቱ በራ። ቀጥሎ ሌላ ነገር መጣ። አፍንጫዋን አየ። ግንባሯን አየ። እጇን አየ። ዕቃ ከመግዛቱ በፊት እንደሚያገላብጥ ሰው። ከዚህ በፊት እንዲህ አያያትም ነበር፤ ፎቶ ቤት ስደርስ ስንት ጊዜ አይቻቸዋለሁ። እናቱ ዓይኗን አውልቃ ሰጥታዋለች።

ግቢ ውስጥ ቆመው አወሩ። ከዚያ ደህና ዋሉ ብሎኝ ሄደ፤ ብርቱካኑ ጠረጴዛ ላይ ቀረ።

ምን አለሽ አልኳት። ጾሙ ይለፍና እንነጋገራለን ብሏል። ሌላስ? በስልኩ ያለውን ፎቶሽን በኮምፒዩተር ነክተሽው ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ አለች።

ነክተሽው ነበር? አልኩ፤ እኔም።

አልነካሁትም እትየ። የሰውን ሁሉ ስነካ የራሴን አልነካሁትም።


ዓርብ፣ ኅዳር 24

ብዙ ቀን ሳልጽፍ ቀረሁ። ትከሻዬን ብርድ ይዞኛል። ዛሬ ግን ልጻፍ።

የስንዱን የትራስ ልብስ ላጥብ አነሣሁ። ቅባት ጠጥቷል፤ ሽታው እንደ ተቃጠለ ላስቲክ። ከፍራሹ ሥር ቱቦ አገኘሁ። የነጭ ሴት ሥዕል አለበት፤ የአማርኛ ፊደል የለውም፤ የማንም አገር ስም የለውም። ገበያ መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት ነው የገዛችው። ፊቷ ለምን እንደሚያብረቀርቅ አሁን ገባኝ። እኔ የጾም ዘይት የበዛባት መስሎኝ ነበር።

ማታ ፊት ለፊቷ አስቀመጥኩት። አልተደናገጠችም። ቀኑን ሙሉ ሰው ሳቀላ እውላለሁ፤ አንድም ሰው ነውር ነው ብሎኝ አያውቅም፤ በእኔ ሲሆን ነው ነውር የሚሆነው? አለች። ቱቦውን አንሥቼ ኪሴ ከተትኩት።

የሚከፋው ደግሞ ሰዉ። ባንቺ ጧት በአጥር ላይ አየቻትና «እሰይ! ዛሬ ገና ቆንጆ ሆንሽልኝ!» ብላ ጮኸች። የቤ/ክ ሴቶች፣ ጾም ተስማማት እንዴ፣ ቀይ ዳማ ሆነች አሉኝ። ዳማ እኮ ለፈረስ ነበር የሚባል፤ አባቴ ፈረስ ሲገዛ የሚለው ቃል ነው። የባጃጅ ነጂዎቹም «ቀይዋ! ቀይዋ!» እያሉ ያቆሙላታል። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ማንም አላቆመላትም።

እናቴ በልጅነቴ አንገቴን አስነቀሰችኝ። መርፌና ጥላሸት። ለመልክሽ ነው አለችኝ፤ ሳምንት ሙሉ አብጦ መዋጥ አቃተኝ። እሷ ራሷ ድዷን ተነቅሳ ነበር፣ ስትስቅ ጥርሷ እንዲነጣ። ከዚያ በንጉሡ ዘመን አዳሪ ት/ቤት ገባሁ። ዲሬክትሪሷ አንገቴን እንዳየች የቀሚሴን ቁልፍ እስከ አገጬ ድረስ ቆለፈችው፤ ዳግመኛ እንዳላይ አለች። መስታወት ክልክል ነበር። ፀጉራችንን እርስ በርስ እየተያየን ነበር የምናበጥር። አንዷ ያስዋበችውን ሌላዋ ሸፈነችው። ሁለቱም ለእኔ ብለው ነው።

እስከ ዛሬ አንገቴን ሸፍኜ ነው የምሄደው።


ረቡዕ፣ ኅዳር 29፤ ከቀትር በኋላ

የስንዱ ጉንጭ ተላጠ። ግራው ይብሳል። ሙሉነሽ ወደ ብርሃኑ አዙራ አየቻት፤ እንደ ተከራይ ሳይሆን እንደ ነርስ። ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ አለች። ሦስታችን ሄድን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የስንዱን ፊት አይቶ ብዙዎች እንዲህ ሆነው ይመጣሉ አለ። ክሬሙን አቁሚ፤ ፀሐይ አይንካሽ፤ ይህን ቀቢ ብሎ ሌላ ቅባት አዘዘ። ቆዳው ሳስቷል። ስታቆሚው መጀመሪያ ይቆጣል፤ ማድያትም ሊወጣ ይችላል፤ ከዱሮሽም ጠቆር ልትይ ትችያለሽ፤ ግን ከቀጠልሽ ይብሳል አላት። ስንዱ የሰማችው ጠቆር ልትይ ትችያለሽ የሚለውን ብቻ ነው። ከፊቷ አየሁት።

ቤት ስንደርስ ስልክ። ወ/ሮ የሻረግ። ድምፅዋ የሌላ ሰው ነው። እትየ ደህና ሰነበቱ ወይ፣ ጉልበትዎስ፣ ብርዱስ። ቀጥላ፣ ስለዚያ ቀን አፈርኩ አለች። ቤታችሁ ጨለም ይላል፣ እኔም መንገድ ደክሞኝ ነበር፣ ልጅቱን በደንብ አላየኋትም ነበር አለች። ለካ የዳንግላ ዘመዶቿ ነግረዋታል፦ ያቺ ልጅ ቀላች፣ ተዋበች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እንመጣለን፤ እግዚአብሔር ከፈቀደ ለጥር እንቆርጣለን አለች።

ቤቴ አይጨልምም። ሁለት መስኮት አለው።

ለስንዱ ነገርኳት። መንገር ግዴታዬ ነው። እጄን ያዘችኝ፤ ልጅ ሆና እንኳ እጅ የምትይዝ አልነበረችም። እትየ፣ እስከ ጥር ብቻ አለች። ሠርጉ እስኪያልፍ። ከዚያ አቆመዋለሁ፤ ያኔ ምን ያደርጉኛል፣ ሚስቱ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ሲጠቁርስ? አልኳት።

ያኔ ለምዶኝ ይሆናል አለች።


ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 2፤ ምሽት

ዝናብ የለም፣ ጭጋግ ብቻ። ከሰል ከሚከሰልበት መንደር ጢሱ እዚህ ድረስ ይመጣል።

ስንዱ አላቆመችም። ሁለተኛ ቱቦ ነበራት። ዛሬ ከፎቶ ቤት ሻሿን እስከ ቅንድቧ አስራ ተመለሰች። አውልቂው አልኳት። ጉንጯ ቆስሎ ያዣል፤ ዙሪያው ግን እንደ ወተት ነጥቷል። የምታውቃት ሴት ነገ በደንብ አድርጌ በፓውደር እሸፍንልሻለሁ ብላታለች። በእንግዳ ፊት አይታይም ትላለች። ከመስኮቱ ርቄ እቀመጣለሁ ትላለች። አስባበታለች።

ይበልጣልም መልእክት ልኳል። አሳየችኝ፦ እናቴ በጣም ደስ ብሏታል። ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንተስ የሚል ልትጽፍለት ጀምራ አጥፍታዋለች፤ ይህን አላሳየችኝም፤ ራሷ ነገረችኝ።

አመዛዘንኩ። ዝም ብል፣ ልጅቱ በጥር ትዳራለች፣ ፊቷን እየገበረች። ከዚያ ቆሽሾ በማድያት የተሸፈነ ፊት ይዛ እንጅባራ ብርድ ውስጥ ከአማት ጋር ትኖራለች፤ የሻረግ ደግሞ በየቀኑ ታያታለች፤ በመስኮት በኩል ታያታለች። ብናገር፣ ነገሩ ነገውኑ ይፈርሳል። ስንዱም አክስቴ አፈረሰችብኝ ብላ ትኖራለች፤ ሰፈሩም ለባጃጅ ነጂው አዲስ ወሬ ይሰጠዋል። ሁለቱም ጨለማ ነው። ሦስተኛ መንገድ ፈለግሁ። የለም።

ግን አንድ ነገር አስተዋልኩ። ሽማግሌው ሲመጣ እሺ ያልኩ እኔ ነኝ። የሻረግ ያየች፣ ባንቺ የመዘነች፣ ልጁ ያገላበጠ፣ እኔ ነጥብ የሰጠሁ። በዚህ ሁሉ ውስጥ ስንዱ የተጠየቀችው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ፎቶውን ነክተሽው ነበር ወይ የሚለው።

አሁን ተኝታለች። ሲያማት ታቃስታለች። ሙሉነሽ የሐኪሙን ቅባት አልጋዋ ራስጌ አኑራለች።

ነገ መጀመሪያ የማደርገው፦

ንጋት ላይ፣ ሻሿን ሳታስር፣ ያቺ ፓውደር የያዘችው ሴት ሳትመጣ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ እቀመጣለሁ። ይህን ሰው አሁንም ትፈልጊዋለሽ ወይ ብዬ እጠይቃታለሁ።

እፈልገዋለሁ ካለች፣ በተላጠው ጉንጯ ከጎኔ ትቀመጣለች። ክሬሙን ለየሻረግ የምናገር እኔ ነኝ፤ ልጁም ተቀምጦ ይሰማል፤ የሚሄድ ይሄዳል።

አልፈልገውም ካለች፣ ከቅዳሴ በፊት እንጅባራ ደውዬ አትምጡ እላለሁ። ምክንያት አልሰጥም።

አላውቅም ካለችም፣ ሌላ ቀን ኑ እላለሁ። የገና ጾም ረጅም ነው።

በምትመልሰው ላይ ደግሞ አንድ ቃል አላርምም።